የጉልፋት እርጥብ ግድግዳዎች

ምንተስኖት ከቤቱ ሲወጣ ግድግዳው ዘጠና አራት ነጥብ ላይ ነበር። ቁጥሩ በበሩ ጎን በምትገኝ ትንሽ መስኮት ውስጥ ይበራል። ሲገቡና ሲወጡ እሱን ማየት ግዴታ አይደለም፤ ግን የማያይ ሰው የለም።

ሚስቱ ቃልኪዳን ፊቷን የታጠበችው ከደረጃው ሥር ባለው የጋራ መታጠቢያ ነው። ሻይዋን የጠጣችው ከመታጠቢያው አጠገብ ባለው እንፋሎት ቤት ነው። በመዲናዋ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ውኃ ማፍላት ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኗል። እንፋሎት ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ለመውጣት አይቸኩልም። ስለዚህ ወጥ የሚሠራው እንፋሎት ቤት ነው፣ ልብስ የሚደርቀው ጣራ ላይ ነው፣ ልጅ የሚታጠበው ደረጃ ሥር ነው። በክረምት ባልና ሚስት ተራ ገብተው ውጭ ያመሻሉ፤ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ከሚተነፍስ አንድ ሰው ቢተነፍስ ለግድግዳው ይሻላል። ይህን ያዘዘ አካል የለም። ሰዉ ከቁጥሩ ጋር ሲኖር በራሱ የደረሰበት ነው።

ምንተስኖት ሥራው ቤት መለካት ነው። መለኪያው ክንድ የማይሞላ ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ መርፌ አለው። መርፌው በጉልበት ከፍታ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ እርጥበቱን፣ ስንጥቁንና የሚያሳልፈውን ነፋስ ለክቶ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ለኪው ሳያየው በፊት መዲናዋ ያለው የለኪዎች ማዕከል ዘንድ ይደርሳል። ከመቶው ነጥብ አርባና ከዚያ በላይ ያገኘ ቤት፣ ቤት ነው። ከአርባ በታች ያገኘ ይዘጋል፤ መብራቱ ይቆረጣል፣ አድራሻው ይሰረዛል፣ ነዋሪው ባዶ ቤት ወደ ተገኘበት ክልል ይላካል። ባዶ ቤት የትም አይጠፋም።

ሕጉ ሲወጣ ዓላማው በክልሎች መካከል ያለውን የቤት ልዩነት ማጥፋት ነበር። አሁንም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት መርፌው በሁሉም ክልል አንድ ዓይነት ነው፤ የተስተካከለውም በመዲናዋ፣ በመዲናዋ ብሎኬት ላይ ነው። ምንተስኖት ሁሉንም ክልል ዞሯል። አፋር ውስጥ ከሰሌን በተሠራ ቤት ላይ መርፌው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ፤ መለኪያው «ግድግዳ የለም» ብሎ መዘገበ። ውስጥ አንዲት እናት ልጇን እያጠባች ነበር። በጋሞ ደጋ የቀርከሃው ቤት ነፋስ ያሳልፋል ተባለ፤ ሲሠራም ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ ነበር። በጅማ የእንጨቱ ግድግዳ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። በሐምሌ ቢለካ ይወድቃል፣ በጥር ቢለካ ያልፋል። የጅማ ተራ ሐምሌ ላይ ነው። ለምን ሐምሌ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ምንተስኖትም አልጠየቀም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተያየት ይጽፍ ነበር፤ ለአስተያየት የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ነው። ቆይቶ አንድ መስመር ይበቃው ጀመር። ከዚያ በኋላ ቦታውን ባዶውን ያልፈው ነበር።

በዚያ ጥር የተላከው ወደ ወሎ፣ ወደ ደላንታ ደጋ ነው። ቦርሳውን በባዶው የሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሱን የሚነዳው መኪና ሳይነሳ እንቅልፍ ወሰደው። የነቃው ጉልፋት ሲደርስ ነው። ጉልፋት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ቤቶቿ ከድንጋይ ተክበው በጭቃ የተመረጉ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከአየር በተወሰደው ግምት ሁሉም ቤቶች ከአርባ ትንሽ ከፍ ብለው ነበር። ወሩ ደረቅ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ሦስት ወር አልፏል። ምንተስኖት ግምቱን አረጋግጦ በማግስቱ ወደ መዲናዋ እንደሚመለስ አስቦ ነበር።

የመንደሩ ተጠሪ ሐያት የምትባል ሴት ነች። ከመኪናው ሲወርድ ወገቡን ይዞ እንደቆመ አገኘችው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። መንገዱ አልሰበረዎትም?»

«ተኝቼ ነው የመጣሁ።»

«እሱማ ፊትዎ ላይ ተጽፏል።» ቦርሳውን ተቀበለችው። «ይመጣሉ ከተባለ ጀምሮ እኛ አልተኛንም። እንግዳ ሳይመጣልን ሦስት ዓመት ሆኖናል።»

«እንግዳ አይደለሁም፤ ለኪ ነኝ።»

«ለኪ ቢሆኑም ከደጅ አይመልሱዎትም።»

መንደሩ ውስጥ ዝናብ ያባራ ጊዜ የሚሸት ዓይነት ሽታ አለ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ምንተስኖት ሰላም ያሉትን ሴቶች እጅ ሲጨብጥ ክርናቸው ላይ የደረቀ ጭቃ አየ። ሐያት ግንባሯ ላይ ከሻሿ በታች አንድ የጭቃ ጠብታ ቀርቷታል።

ሐያት በመጀመሪያ የወሰደችው ወደ እማማ ኢክራም ቤት ነው። በመንደሩ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸውና ባላቸው አባ ፉአድ ናቸው፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚገባውም እነሱ ዘንድ ነው። አባ ፉአድ ሳንባቸውን ታመው ከመደብ መውረድ ካቆሙ ሁለት ክረምት አልፏል። ምድጃው ይነዳል፤ ላዩ ላይ ባቄላ ይፈላል። ቤቱ ይሞቃል።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ጫማህን እንዳታወልቅ፤ መሬቱ ገና ነው» አሉ እማማ ኢክራም።

ምንተስኖት ወደ ታች አየ። ጫማው ወለሉ ላይ ፈለግ ትቷል። ግድግዳውን በመዳፉ ነካው፤ መዳፉ ቀዝቅዞ ተመለሰ።

«መቼ ነው የተለቀለቀው?»

«ትናንት። ውስጡንም ውጪውንም መረግነው። ልቅልቁ ተላልጦ ነበር። እንግዳ እንዲህ ባለ ቤት ይገባል? አንተስ እናትህ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርግ ነበር?»

ምንተስኖት መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። እናቱ እንግዳ ሲመጣ መስኮት ትከፍት ነበር።

«ይህ ቤት ብቻ ነው?» ብሎ ሐያትን ጠየቃት።

«ኧረ ሁሉም ነው ጋሼ። አንዷ ብቻ እጄን አሞኛል ብላ ቀርታ ነበር። እንዳታሳፍረን ብለን ተሰብስበን ሄደን መረግንላት።»

መለኪያው መኪናው መንደር እንደገባ ነቅቷል። ከነቃ በኋላ እስከ ምሽት ያልተለካ ቤት እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ምንተስኖት መርፌውን በጨርቅ ጠረገና በጉልበት ከፍታ ግድግዳው ውስጥ አስገባው። መርፌው ያለ ድምፅ ገባ። በደረቅ ግድግዳ ላይ ሲገባ ይጮኻል።

«ስንት አለ?» አሉ አባ ፉአድ ከመደቡ ላይ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

አባ ፉአድ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ኢክራም፣ ምን ያህል ብትለቀልቂው ነው?»

እማማ ኢክራም ግድግዳቸውን አዩት። ልስልስ ያለ፣ ጥግ ጥጉ በጣት የተስተካከለ ነበር። «እርጥብ ነው እኮ ልጄ። ከነገ ወዲያ ይደርቃል፤ ከነገ ወዲያ ና።»

«አይቻልም እማማ።»

«አንተ ነህ የማይቻልህ?»

«መለኪያው ነው።»

«እሱ ከነገ ወዲያ ምን ሥራ አለው?»

ሐያት ሳቅ ልትል ጀምራ ተወችው። አሥራ ዘጠኝ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር ባለፈው ዓመት ተዘግቶ ሰዉ በየክልሉ ተበትኗል። የእማማ ኢክራም ታናሽ እህት ዚክራ ጎዴ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሷታል፤ ከአጥር ማዶ ትኖር የነበረችው ጎረቤቷ ጋምቤላ ገብታለች።

«ዚክራ ትደውላለች» አሉ እማማ ኢክራም። «ቤቱ እንዴት ነው ስላት፣ ቤቱስ ደህና ነው፣ አንነካውም ትለኛለች።»

«እኔ ጎዴ አልደርስም» አሉ አባ ፉአድ። ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ የመንገዱን ርቀት እንደሚናገር ሰው ነበር ያሉት። «ከዚህ መደብ ካወረዱኝ የምቀረው መንገድ ላይ ነው። አንቺ ብቻሽን ትደርሻለሽ።»

እማማ ኢክራም ባቄላውን አማሰሉ።

መለኪያው ቁጥሩን ልኮ ከለኪው አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር። ቤቱ «ነባር» ነው ወይስ «በግንባታ ላይ»? በመዲናዋ ሁለተኛው ቃል የሚመረጠው ሲሚንቶው ያልደረቀ አዲስ ፎቅ ሲገኝ ነው። በግንባታ ላይ ያለ ቤት እርጥብ ቢሆን አይወድቅም፤ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ምንተስኖት ከከተማ ውጭ ይህን ቃል መርጦ አያውቅም። መርፌውን ግድግዳው ውስጥ እንደተወ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ መንገድ አለ» አለ። «ቤቱ ገና እየተሠራ ነው ብዬ ላስመዘግበው እችላለሁ።»

«ውሸት ነው እንዴ? ትናንት አይደል የሠራነው» አለች ሐያት።

«እየተሠራ ያለ ቤት ግን ሰው አይኖርበትም። ግድግዳው ውስጥ ጠቋሚ አስቀምጣለሁ። እሳት ከነደደበት፣ ውኃ ከፈላበት፣ ሰው ከተኛበት ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ማንም አይተነፍስበትም።»

«የት እንተንፍስ ታዲያ?» አሉ እማማ ኢክራም።

«በረት አለ?»

«ከጓሮ አለ።»

«በረት አይለካም። በደንቡ ቤት አይደለም።»

«ላሞቹስ?»

«ላሞች አይቆጠሩም።»

እማማ ኢክራም ባላቸውን አዩ። አባ ፉአድ ጣራውን ያያሉ። «በረት ከጎዴ ይቀርባል» አሉ በመጨረሻ።

ምንተስኖት ቃሉን መረጠ። ከዚያ የቀሩትን ቤቶች በተራ ለካ። ከሃያ የበለጠ ያገኘ አልነበረም፤ በሁሉም ላይ ያንኑ ቃል መረጠ፣ በሁሉም ግድግዳ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠቋሚ አስገባ። በየደረሰበት ቅቤ የገባበት ንፍሮ አቀረቡለት፤ በየደረሰበት ጥቂት ጥቂት በላ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ሰው ምንጣፉንና ቁርበቱን፣ ድስቱንና እንስራውን ወደ በረት ያጓጉዝ ነበር። የሚያለቅስ አልነበረም። አንድ ሰው አልጋው በበረቱ በር አልገባ ብሎት ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። አባ ፉአድን አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አወጧቸው፤ ደጁ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዓይናቸውን ወጋቻቸውና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እማማ ኢክራም ምድጃውን በአመድ አዳፍነው በሩን ቆለፉ።

ምንተስኖት ወደ መኪናው ገብቶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ጉልፋትን የሚያያት በቁጥር ነው። ጠቋሚዎቹ በየወሩ ይልካሉ። በየካቲት ቤቶቹ አርባን አለፉ፤ በሚያዝያ ሃምሳን። ክረምቱ ትንሽ አወረዳቸው፣ መስከረም መልሶ አነሳቸው። ማዕከሉ መጀመሪያ ስህተት መስሎት አጣራ፤ ስህተት አልነበረም። በኅዳር አንድ ዜና ወጣ፤ አንዲት የደጋ መንደር በራሷ አቅም ቤቶቿን በአንድ ጊዜ መልሳ ገነባች ይላል። በዜናው ላይ የመዝጊያዎቹ ፎቶ ነበር፤ ሁሉም ዝግ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ በአቅራቢያው ያሉ መንደሮች ሳይጠየቁ «በግንባታ ላይ ነን» እያሉ ማመልከት ጀመሩ። በክልሎች መካከል ያለው ልዩነት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበበ።

«የት ነው የሚኖሩት ታዲያ?» ብላ ጠየቀችው ቃልኪዳን። የክረምቱ ተራ በበጋም ቀጥሏል፤ የዚያን ምሽት የእሷ ነበር፤ ውጭ ለማምሸት ካፖርቷን እየለበሰች ነው።

«በረት ውስጥ።»

«ከከብቶቹ ጋር?»

«ከከብቶቹ ጋር።»

ቃልኪዳን የካፖርቷን ቁልፎች ቆልፋ ጨረሰች። «ይሞቃል ይሆናል» አለች።

ዓመቱ ሲሞላ የተላከው ራሱ ምንተስኖት ነው። ከመለኪያው ጋር አንድ ትእዛዝ ያዘ። ከሰባ በላይ የሚያገኝ ቤት «ሞዴል ቤት» ይባላል፤ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን አይነሳም፣ ቤቱም ዳግመኛ አይለካም። ቤቱ እንዳለ ይቆያል። እንዳለ ማለት ማንም ሳይገባበት ማለት ነው። ይህን ያልፈለገ ባለቤት መግባት ይችላል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ነባር ይሆናል፣ እንደ ማንኛውም ቤት በየዓመቱ ይለካል።

ሐያት እንደ አምናው ጠበቀችው፤ ዘንድሮ ግን የተሻለ ለብሳለች። «ጤና ጣቢያ ገባልን ጋሼ። በዜናው ምክንያት ነው። ቦኖ ውኃም መጣ።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጨመረች። «ልጆቹ በረቱን ለምደውታል። አንዳንዶቹ ቤት ምን ያደርጋል ይላሉ።»

መንደሩ ውስጥ ጭስ ከጣራ አይወጣም፤ ከየጓሮው ነው የሚወጣው። ቤቶቹ ያምራሉ። ግድግዳቸው ላይ አንድ ስንጥቅ አይታይም። ደጆቻቸው ፊት ሣር በቅሏል።

እማማ ኢክራም በረት ውስጥ ነው የተቀበሉት። መሬቱ ላይ ቅጠል ተነጥፏል፤ አባ ፉአድ ከሁለት ላሞች ማዶ፣ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተኝተዋል። ከስተው ጋቢያቸው ባዶ መስሏል። በጣውላዎቹ መካከል ውርጭ ይገባል፤ እማማ ኢክራም ክፍተቱን በጨርቅ ወትፈውታል፣ ጨርቁን ላሟ ትበላዋለች።

«አሁንስ ከስተሃል» አሉት ምንተስኖትን።

«እርስዎም እማማ።»

«እኔ እንኳ ድሮም እንዲህ ነኝ።»

ምንተስኖት ከሐያት ጋር ወደ ቤቱ ሄደ። እማማ ኢክራም በሩን ከፍተውላቸው ደጅ ቆሙ፤ አልገቡም። ውስጡ ከውጭው ይበርድ ነበር። መርፌው ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ጮኸ።

ሰባ አንድ።

ወደ በረቱ ተመልሶ ትእዛዙን አነበበላቸው።

«ሰባ አንድ» አሉ አባ ፉአድ። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ቁጥር ያገኘ ሰው አላውቅም።»

«ማንም አይነካችሁም ማለት ነው» አለች ሐያት። «ጎዴ የለ፣ ምን የለ። እማማ፣ በረቱን እኛ እናሰፋዋለን። ጣውላውን ደርበን እንመታዋለን፣ ምድጃም እንሠራለን። ይቅርባችሁ።»

«ሞዴል ማለት ምንድን ነው?» አሉ እማማ ኢክራም።

«ሌላው አይቶ እንዲማርበት ነው» አለች ሐያት።

«ምን እንዲማር?»

ሐያት ወደ ምንተስኖት ዞረች። ምንተስኖት ወረቀቱን አጠፈ።

«ከገባንስ ልጄ?»

«ከገባችሁ ሰባ አንዱ ይቀራል። እሳት የሚነድበት፣ ሰው የሚተኛበት እንዲህ ያለ ቤት አርባ አካባቢ ነው። አንድ ዓመት ያልፋል፣ አንድ ዓመት ይወድቃል። ከወደቀ እንደ ማዶዎቹ ናችሁ።»

«አርባ አካባቢ» አሉ እማማ ኢክራም። ቁጥሩን ሊለምዱት የፈለጉ ይመስል ደጋገሙት።

ሐያት ተቀመጠች። «እኔ ለእናንተ ብቻ አይደለም የምለው። አንድ ቤት ከወረደ መንደሩ ይወርዳል። ጤና ጣቢያውን ያመጣልን ይህ ቁጥር ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ፉአድ አበላሸብን ይሉሻል» አሉ አባ ፉአድ። «እውነታቸውን ነው። አብሽሪ፣ እኔ ብዙ አልከብዳቸውም።» ለመሳል ቀና አሉ፤ ሳሉ ረጅም ነበር፤ ላሟ ጆሮዋን አዞረች። ሲያባራላቸው እንደ ገና ተኙ። «ክረምቱን በዚህ በረት ከረምኩ። ውርጩንም ቻልኩት። ሁለተኛ አልችለውም፤ ኢክራም ታውቃለች፣ አትናገርም እንጂ። የምሞት ከሆነ ደግሞ ላም ጭራዋን እየመታችብኝ አልሞትም። በሩን ክፈቺው።»

«ከፍቼ ነው የመጣሁት» አሉ እማማ ኢክራም።

ሐያት ወጣች። ምንተስኖት ተቆጥታ የሄደች መሰለው፤ ሦስት ጎረቤቶችና ቃሬዛ ይዛ ተመለሰች። አራተኛውን እጀታ ራሷ ያዘች። ከየበረቱ ሰው ወጥቶ አያቸው። አንዲት ሴት ቃሬዛው ሲያልፍ የአባ ፉአድን ጋቢ ጫፍ ከመሬት አንስታ ደረታቸው ላይ መለሰችላቸው።

እሳቱ በመጀመሪያ እንቢ አለ። ኩበቱ ደረቅ ነው፤ ምድጃው ግን ዓመት ሙሉ ቀዝቅዟል። እማማ ኢክራም ተንበርክከው ሲያራግቡ ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ሁሉም ተሳሉ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ ነደደ። ባቄላ ተጣደ። ጎረቤቶቹ መሄድ ሲገባቸው አልሄዱም፤ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ቆሙ። የቤቱ ቅዝቃዜ ቀስ እያለ ከወለሉ ለቀቀ። መደቡ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥቃቅን ጠብታዎች ወጡ።

ምንተስኖት መለኪያው የጠየቀውን ቃል መረጠ፤ «ነባር» አለ። ጠቋሚው ግድግዳው ውስጥ ነው። ቁጥሩ ስድሳ ስምንት ሆነ። ባቄላው ሲፈላ ስድሳ አምስት ገባ።

«እየወረደ ነው?» አሉ አባ ፉአድ። ጀርባቸውን መደቡ ላይ አመቻችተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እየወረደ ነው አባ።»

«በጣም?»

«ቀስ እያለ።»

«ቀስ ካለ ደግ።»

ንፍሮው ወጣ። ምንተስኖት ከሁሉም ጋር ከአንድ ገበታ በላ። ብዙ ዓመት ቤት ውስጥ እንፋሎት ፊቱን ነክቶት አያውቅም ነበር፤ መነጽሩን ሲሸፍንበት አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ግድግዳው መሞቅ ጀምሮ ነበር፤ ወገቡ ላይ ያለው ሕመም ለጥቂት ጊዜ ተወው። ሐያት ሁለት ጊዜ ጠርታው ነው የሰማት። መኪናው እየጠበቀ ነው። ሌሎቹ ቤቶች አልተለኩም።

ሲነሳ እማማ ኢክራም ተከትለውት ደጅ ድረስ መጡ።

«በሚመጣው ዓመት አንተ ነህ የምትመጣው?»

«አላውቅም። ማንም ሊላክ ይችላል።»

«ማንም ይምጣ። ግን አትንገሩን። እንግዳ መምጣቱን ካወቅን አያስችለንም፤ እንለቀልቃለን።»

«ደንቡ ከሳምንት በፊት ማሳወቅ ግድ ይላል እማማ።»

እማማ ኢክራም በጣታቸው ቆጠሩ። «ሳምንት ካለን ይበቃል። መልእክቱ በደረሰ ቀን እንለቀልቃለን፣ እናንተ እስክትመጡ ይደርቃል።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ብለሽ ነበር» አሉ አባ ፉአድ ከውስጥ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የጭቃው ጭድ ነው እስከ ዋዜማው የዘገየ።»